ዩኩሌሌ ይዞ ከአዲስ አበባ መውጣት፦ ከክሩ እስከ ክፍያው

ዩኩሌሌ ትንሽ፣ ባለ አራት ክር መሣሪያ ስለሆነ ውጭ አገር ሄዶ ለመጫወት የሚደረገው ጉዞም ቀላል ይመስላል። ባለ ከበሮው ከሻንጣ ጋር ሲታገል ባለ ዩኩሌሌው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቦሌ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ፣ ማለትም የተሰነጠቀ እንጨት፣ መድረክ ላይ የሚጮኽ ሞኒተር (ለተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር)፣ በሰዓቱ ያልደረሰ ቪዛ፣ ሳይታሰብ የተቆረጠ ክፍያ፣ አብዛኛው መነሻው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። መላውም እዚሁ ነው ያለው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ስላሉት ወራት እንነጋገር።

ከመጠኑ እንጀምር። ሶፕራኖ ከራስ እስከ ጅራት 53 ሴ.ሜ. ገደማ ነው፤ ኮንሰርት 60፣ ቴነር 66፣ ባሪቶን 76 ይጠጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 55 በ40 በ23 ሴ.ሜ.፣ ክብደቱም 7 ኪሎ ነው። እንግዲህ በሕጉ መሠረት የሚገባው ሶፕራኖ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ቦርሳው። ቢሆንም ለመድረክ ሶፕራኖን አንመክርም። ከነት (ክሩ ከሚያርፍበት የአንገቱ ጫፍ) እስከ ሳድል (አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት) ያለው የክሩ ርዝመት 35 ሴ.ሜ. እንኳ ስለማይሞላ ጣት ትንሽ ጠንከር ብሎ ከተጫነ ቅኝቱ ይሸሻል። ቴነር 43 ሴ.ሜ. ገደማ ስላለው ቅኝት ይይዛል፣ ድምፁም ይወጣል። በቀጭን የፎም ኬዝ ከተያዘ ከመቀመጫ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ያለ ችግር ይተኛል፤ ማስገባቱ ግን በበሩ ላይ ባለው ሠራተኛ በጎ ፈቃድ ነው። በጎ ፈቃዱን የሚያበላሸው ሌላ ሁለተኛ ቦርሳ ይዞ መቅረብ ነው። ልብሱ፣ ገመዱ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ካርጎ ይግባ፤ በእጅ የሚያዘው መሣሪያውና ኪስ ውስጥ የሚገባው ብቻ ይሁን። የአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቦታ እስካለ ድረስ ትንንሽ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ካቢን ውስጥ እንዲቀበሉ በደንብ ይገደዳሉ፤ ደንቡ ግን የሚመለከተው የአሜሪካ ኩባንያዎችን ብቻ ስለሆነ ቦሌ ላይ መጥቀሱ ዋጋ የለውም።

የዩኩሌሌ ክር አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጊታር ክር በየሱቁ አይገኝም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል፤ ሄዶ ከማጣት ደውሎ መሄድ ይሻላል። ሲጠፋ የሚያወጣው የክላሲክ ጊታር የናይለን ክር ነው። ጊታር አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) ላይ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ሲደረግበት ከታች ያሉት አራት ክሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ የተባሉትን ድምፆች ይሰጣሉ፤ የዩኩሌሌ ቅኝት ማለት ነው። በዚህ መሠረት ለቴነር የጊታሩ አንደኛ ክር ለኤ፣ ሁለተኛው ለኢ፣ ሦስተኛው ለሲ ይሆናል። ውጥረቱ ጊታር ላይ ከነበረው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚላላ መሣሪያውን አይጎዳም። አራተኛው ክር ላይ ምርጫ አለ። ወፍራሙን ጂ የሚፈልግ የጊታሩን አራተኛ፣ ብረት የተጠመጠመበትን ክር ይጠቀም። ቀጭኑን ጂ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ አንደኛ ክር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሙሉ ጥቅል ይግዛ፣ የቀረው መለዋወጫ ይሆነዋል። የብረት ክር ግን በጭራሽ! ብሪጁን (ክሮቹ አካሉ ላይ የታሰሩበትን እንጨት) ነቅሎ ይወስደዋል። አዲስ ናይለን እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ በመድረኩ ዋዜማ ክር መቀየር ማለት ሌሊቱን ሙሉ ሲቃኙ ማደር ነው። ከጉዞው ሳምንት አስቀድሞ ይቀየር።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ውጭ አገር ያለ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ዩኩሌሌ ተጫዋች የሚጋብዘው የሃዋይ ዘፈን ለመስማት አይደለም። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴራ ደሴት ወደ ሆኖሉሉ በመርከብ በገቡ ፖርቹጋሎች እጅ ተወልዶ ዓለምን ዞሯል፤ ቅኝታችንን ግን ገና አልጠገበም። ደግነቱ ባዶውን ሲመታ የሚሰማው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ራሱ ከሲ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ነው፤ የጎደለው ዲ ብቻ ነው። እሱም ሲ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ነው። ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ላይ መውጫው እንዲህ ነው (ቁጥሩ ፍሬቱን ያሳያል)፦ ሲ ክር ባዶውን፣ ከዚያ 2፤ ኢ ክር ባዶውን፣ ከዚያ 3፤ ኤ ክር ባዶውን፣ ከዚያ 3። ማረፊያውን ከሲ ወደ ኤ ካዛወሩት እነዚያው አምስት ድምፆች ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ሁለት ዘፈን፣ አንድም መቃኛ ሳይነካ።

ትዝታ ማይነር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሲ ሲነሳ ኢ ፍላት እና ኤ ፍላት (በግማሽ ድምፅ የወረዱ ኢ እና ኤ) ስላሉት የኢ እና የኤ ክሮች ባዷቸውን ከተሰሙ ቅኝቱን ያበላሹታል። መውጫው ሲ ክር ባዶ፣ 2፣ 3፤ ኢ ክር 3፣ 4፤ ኤ ክር 3 ነው። የክራር ደርዳሪ የማይፈለገውን ክር በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የቀረውን እንደሚገርፈው ሁሉ እዚህም ባዶዎቹን ክሮች በጣት ሥጋ ማፈን ነው። እንዲያውም ይህ አመታት ዩኩሌሌውን ክራር ክራር እንዲል የሚያደርገው ዋናው ነገር ነው። በእነዚህ ድምፆች ላይ ማረፊያውን ጂ ያደረገ ሰው አምባሰል ያገኛል። አንቺ ሆዬ ከሲ ሲነሳ ሲ ባዶ፣ 1፤ ኢ ክር 1፣ 2፤ ኤ ባዶ፣ ከዚያ 3 ነው። ይሁንና ማሲንቆ የሚያወጣው አንቺ ሆዬ በፍሬት ልክ የተቆራረጠ አይደለም፤ ማሲንቆ አብሮ ካለ ዩኩሌሌው ዜማውን ለእሱ ይልቀቅና ምቱን ይያዝ። ፍሬት ከማሲንቆ ጋር እልህ ሲጋባ የሚያሸንፍበት ቀን የለም።

የዘፈን ቅደም ተከተሉም በዚህ ይወሰናል። የ45 ደቂቃ መድረክ ስምንት ዘፈን ገደማ ይይዛል፤ ትዝታ ካለበት ሰባት። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ተከታትለው፣ ትዝታ ማይነርና አምባሰል ተከታትለው ይግቡ። ክራር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ክራሩ ቅኝት በቀየረ ቁጥር ክሮቹ እንደገና ሊቃኙ ነውና። አቅም ካለ ሁለት ክራር ይያዝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት ከተሰቀሉት ውስጥ ግን አይሁን፤ አብዛኞቹ ግድግዳ ላይ ያምራሉ እንጂ ቅኝት አይዙም።

የእንጨት ጠላት አየር ነው

አንድ እውነተኛ የእንጨት ዩኩሌሌ የሚስማማው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በክረምት ጀርመን ውስጥ ማሞቂያ የሚነድበት ክፍል 25 በመቶ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ የአውሮፕላን ካቢን ከ20 በታች ነው። (የካቢኑ የአየር ግፊት እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም። የሚጎዳው ድርቀቱ ነው።) እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል። የመጀመሪያው ምልክት አንገቱ ጠርዝ ላይ እጅ ሲሮጥ የፍሬቶቹ ጫፍ መቧጨር ነው። ቀጥሎ ፊቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ክሮቹ ፍሬት እየነኩ መንዘር ይጀምራሉ። ዝም ከተባለ ከብሪጁ ወደ ታች ስንጥቅ ይወርዳል፤ ያኔ የሚያድነው ባለሙያ ብቻ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ተገዝቶ ክዳኑ በጋለ ምስማር ስምንት አሥር ቦታ ይበሳል፤ ውስጡ ስፖንጅ ይገባል። ስፖንጁ ውኃ ይነከርና አንድ ጠብታ እስከማይቀር ድረስ ይጨመቃል፤ የሚንጠባጠብ ስፖንጅ ከድርቀቱ የባሰ ነው። ሣጥኑ ኬዙ ውስጥ በመቃኛዎቹ በኩል ይቀመጥና በየሁለት ቀኑ ይታያል። አብሮት አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ቢገባ ግምት ይቀራል። ልምምዱ እዚሁ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ይጀመር። በበጋው አዲስ አበባ ላይ ፍሬቱ የሚቧጭር መሣሪያ በርሊን ላይ ይሰነጠቃል።

ዛንዚባር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሳውቲ ዛ ቡሳራ የተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ ላይ እዚያ ሲካሄድ የባሕሩ አየር እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ፊቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ 2.5 ሚ.ሜ. አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው፤ 3 ሲያልፍ ጣት ይደክማል፣ ሲጫኑትም ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። ስፖንጁ ይወጣና ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ነጭ ከረጢት ትገባለች፤ አንዷ ስለማትበቃ ብዙ ይጠራቀም። ናይለን ክር ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ ቅኝት ይጥላል፤ ፍሎሮካርቦን ክር አይጠጣም፣ ለባሕር ዳርቻ እሱ ይመረጣል።

በአንድ ጉዞ ሁለቱንም አየር የሚያይ ሰው ፊቱ ከተነባበረ እንጨት የተሠራ ዩኩሌሌ ቢይዝ ይሻለዋል። ድምፁ ጥቂት ይደክማል፤ ያንን በፒክአፕ (መሣሪያው ላይ በሚገጠም ድምፅ ማንሻ) እና በሚክሰር ማካካስ ይቻላል። ስንጥቅ ግን በሚክሰር አይሞላም። ከብርድ ወደ ሞቀ አዳራሽ ሲገባ ኬዙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መሣሪያ መተው ሙጫውን ያላላል፤ ካርጎ መግባቱ የግድ ከሆነ ደግሞ ክሮቹ ሁለት ግማሽ ድምፅ ይውረዱ፣ ከዚያ በላይ ማላላት አይጠቅምም።

ወረቀት

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ጉዞ የሚሰናከለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 ባወጣው ውሳኔ የኢትዮጵያ ዜጎች የሸንገን ማመልከቻ መደበኛ የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ለኢትዮጵያዊ መስጠት ቆሟል። የሁለተኛው ነገር መዘዝ ብዙ ሙዚቀኛ አይታየውም። በርሊን፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ፓሪስ ተብሎ ጉዞ ከተነደፈ ከለንደን ወደ ፓሪስ መመለሻ የለም፤ ለንደን ከሸንገን ውጭ ናት፣ ቪዛውም ከሸንገን ሲወጡ ያልቃል። ለንደን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ይደረግ። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይህንን ለአዘጋጁ መንገር የሙዚቀኛው ሥራ ነው፤ የአውሮፓ አዘጋጅ ለራሱ ቪዛ ጠይቆ ስለማያውቅ አይገምተውም።

ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ለሐምሌ መድረክ በግንቦት መሯሯጥ ዘግይቷል፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጥሪ ደብዳቤው ላይ ቀንና ቦታ በዝርዝር፣ ሆቴሉንና ትኬቱን ማን እንደሚከፍል፣ የክፍያው መጠንም ይጻፍ፤ «ለባህል ልውውጥ ተጋብዟል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ባዶ ነው። ቆንስላው ዋናው ጥያቄው «ይመለሳል ወይ?» ስለሆነ ከጉዞው በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የሥራ ውል፣ ከክለብ ወይም ከሆቴል ጋር የተፈረመ ሳምንታዊ ፕሮግራምም ቢሆን፣ ተተርጉሞ ይያያዝ። ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ በቃል ስምምነት ነው የሚሠራው፤ ለቪዛ ሲባል ግን ውሉ በወረቀት ይሁን፣ ገንዘቡም በባንክ ይግባ። ካዝና ውስጥ ያለ ብር ለቆንስላ የለም ማለት ነው።

እንግሊዝ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ቀን 2024 ወዲህ በመደበኛው የጎብኚ ቪዛ በባለሙያነት ተጋብዞ ተከፍሎ መጫወት ይቻላል፤ ጥሪው ከጉዞው በፊት የተደረገ መሆንና ሥራው ከገቡ በ30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አሜሪካ ደግሞ የባሰበት ነው። በጎብኚ ቪዛ ሄዶ በክፍያ መጫወት አይፈቀድም። ለባህል ሙዚቃ የሚስማማው ፒ-3 የሚባለው ሲሆን በቅድሚያ አሜሪካ ያለ ጋባዥ ወይም ኤጀንት አይ-129 የተባለውን ቅጽ ለኢሚግሬሽን ያስገባል፤ እሱ ሲፈቀድ ነው ኤምባሲ የሚኬደው። ጋባዡ ይህንን የማያውቅ ከሆነ የጥሪ ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር ጉዞው የለም።

የመሣሪያው ወረቀትም አለ። የጣት ሰሌዳው ሮዝውድ ከተባለው እንጨት ከሆነ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2019 መጨረሻ ጀምሮ ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ ከሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ነፃ ሆኗል፤ የብራዚል ሮዝውድ፣ የዝሆን ጥርስና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ግን አሁንም ያስይዛሉ። አሮጌ ክራር ወይም በገና የሚይዝ ሰው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ጎራ ብሎ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ይውሰድ፤ ቦሌ ላይ ከመከራከር ይቀላል። ከበሮና ማሲንቆ ቆዳ ስላላቸው አውስትራሊያ ሲገቡ በቅጹ ላይ መናገር ግዴታ ነው። የዩኩሌሌው ደረሰኝ፣ ሴሪያል ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶና ግምቱ ስልክ ላይም በወረቀትም ይኑር፤ ሲመለሱ «አዲስ ገዝተህ ነው የገባኸው» ለሚል የጉምሩክ ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።

መድረክ ላይ

በአብዛኛው ዩኩሌሌ ላይ ያለው ፒክአፕ ፒየዞ ነው። ባትሪ የሌለው ፒየዞ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን 10 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሆነ በቀጥታ ሲሰካ ድምፁ ቀጥኖና ባሱን አጥቶ ይወጣል። ሳውንድ ማኑ በኢኳላይዘር ሊያስተካክለው ይሞክራል፤ የጠፋ ድምፅ ግን አይመለስም። መፍትሔው በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ (ድምፁን ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያጎለብት) ወይም አክቲቭ ዲአይ (መሣሪያውን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ፣ ኃይል የሚጠቀም ሣጥን) ነው። «ዲአይ እናቀርባለን» ያለ አዘጋጅ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ኃይል የማይጠቀመውን ፓሲቩን ነውና የራስን መያዝ ያዋጣል።

ሞኒተሩ ሲጮኽ ብዙ ሰው ወዲያው ቮልዩም ያወርዳል። ከዚያ በፊት የሚቆረጠው ባሱ ነው። ቀጭን ጂ ያለው ዩኩሌሌ የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፁ 262 ኸርዝ ስለሆነ ከ180 በታች ያለው ሁሉ ቢቆረጥ ከሙዚቃው የሚጎድል የለም። ወፍራም ጂ ካለው ዝቅተኛው 196 ነው፤ እዚያ ላይ መቁረጡ 130 አካባቢ ይቁም። ቀጥሎ ፕሪአምፑ ላይ ፌዝ (phase) የሚለው ቁልፍ ይገለበጥ፣ ከዚያ የድምፅ ቀዳዳው በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። በማይክ የሚጫወት ሰው ማይኩን ወደ ቀዳዳው አያዙር፤ አንገቱ ከአካሉ ጋር ወደሚገናኝበት ቦታ ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. ርቀት ያድርገው።

ፌስቲቫል ላይ ሙሉ ሳውንድ ቼክ ብርቅ ነው፤ 15 ደቂቃ ከተገኘ ጥሩ ነው። ስለዚህ የመድረክ አቀማመጡና የመግቢያዎቹ ዝርዝር በአንድ ገጽ ከሳምንታት በፊት ይላክ፦ ስንት ማይክ፣ ስንት ዲአይ፣ ስንት ሞኒተር፣ ማን የት እንደሚቆም። ሳውንድ ማኑ ክራር አይቶ ላያውቅ ስለሚችል ፎቶውና ማይኩ የሚቆምበት ቦታ አብሮ ይግባ።

ቻርጀሮቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ 220 ብቻ የሚል ከሆነ አሜሪካ 120 ላይ አይሠራም። የእንግሊዝ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ነው፣ የኬንያም እንደዚያው። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ካርጎ አይገባም፤ ካቢን ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ገደማ ነው የሚያዘው። ለቱነሩ ሁለት ሲአር2032 ባትሪ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ገንዘቡ

ውል ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ አጠገቡ ያለው ቃል ይታይ፦ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጀርመን ከውጭ አርቲስት ክፍያ 15 በመቶ፣ በዚያ ላይ የግብሩን 5.5 በመቶ፣ በድምሩ 15.825 በመቶ ታስቀራለች። 1,000 ዩሮ ብሎ የፈረመ ሰው 841.75 ይዞ ይመለሳል። ለአንድ መድረክ ለአንድ አርቲስት ክፍያው ከ250 ዩሮ ካልበለጠ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ለአራት ሰው ቡድን 1,000 ዩሮ ሲከፈል ውሉ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ቢጽፍ የሚያመጣው ልዩነት ትልቅ ነው። አሜሪካ 30 በመቶ፣ እንግሊዝ 20 በመቶ ይቆርጣሉ። የሚሻለው ቃል «ግብሩን አዘጋጁ ይሸፍናል፣ ይህ መጠን እጃችን ላይ የሚገባ ነው» የሚለው ነው፤ አዘጋጅ ሲደራደር ከመጀመሪያው ከተነገረው አይከብደውም፣ ከፖስተሩ በኋላ ከሆነ ግን ይከብደዋል።

ግማሹ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይግባ፣ ቀሪው ከመድረኩ በፊት ባለው ቀን። የቀን አበል፣ ከኤርፖርት መቀበል፣ ለተጨማሪ ሻንጣ የሚከፈለው ሁሉ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ግብር ከተቆረጠ የተቆረጠበት ሰርተፍኬት ከአገሩ ሳይወጡ ይጠየቅ። በኋላ በኢሜይል ሲለመን ወራት ይወስዳል፤ እዚህ ገቢውን ለማሳወቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ያለሱ ሁለተኛ ጊዜ ሊከፍል ይችላል።